ሦስት ቦታ የሞተችው መምህርት

የእህቴ ልጅ መምህርት ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ነን። ልጆቹን የምታስተምረው ኢንተርኔት ላይ ያዩትን ሁሉ እንዳያምኑ ነው። እኔ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፍኩም፤ ግን ጓዳ ውስጥ ስትለማመድ እየሰማሁ ትምህርቷን በቃሌ ይዤው ነበር። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንባችሁ። አንድ ነገር ስታነቡ ሌላ ሁለት ቦታ ፈልጉ። ሦስቱ ከተስማሙ ያኔ እመኑ።»

ትምህርት ቤቱ ለእረፍት በተዘጋ ሰሞን፣ ልብስ እያጠበች ሳለ ስልኳ ይንጫጫ ጀመር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ አዞረችው። የራሷ ፎቶ ነው፤ ዙሪያው ጥቁር። ሥሩ «ነፍስ ይማር» ብቻ።

«ማነው እንዲህ ያሟረተብሽ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ አክስቴ። ስታርፍ አጠገቧ ነበርኩ የሚልም አለ።»

አነበበችልኝ። የማናውቀው ሰው ነው። የመጨረሻ ቃሏ «አክስቴ፣ መስኮቱን ዝጊው» ነበር ይላል። ይቺን ቃል ሲመሽ ሲመሽ ትለኛለች፤ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።

«በይ አለሁ ብለሽ ጻፊ!»

«አልጽፍም። ልጆቼ ያጣሩ እንደሆነ ልይ። ሳያጣሩ ካለቀሱ፣ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ግድግዳውን ነው። ጠመኔውን አስረክቤ እወጣለሁ።»

ስልኩን አጥፍታ ወደ ልብሷ ተመለሰች። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ አለች፤ ስታሰጣ አየቻትና አማትባ ተመለሰች። እኔ ጅሏም የእህቴ ልጅ ጥላ መሬት ላይ ማረፉን ሰርቄ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጥያቄ ስለምታበዛ «መርማሪዋ» የምትላት ተማሪዋ ናት፣ ጥቁር ሻርፕ አድርጋለች። «እማማ፣ እግዜር ያጽና…» ብላ ሳትጨርስ የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ብቅ አለች።

ልጅቷ አልጮኸችም። ስልኳን አየች፣ የመምህርቷን ፊት አየች፣ መልሳ ስልኳን አየች።

«ቲቸር… ሁላችንም ሦስት ቦታ ፈልገናል። ሦስቱም አርፈዋል ይላሉ።»

«እኔስ ምን እላለሁ፣ መርማሪዋ?»

የቱን እንደምታምን ጨንቋታል።

«ነይ፣ ንኪኝ።»

ነካቻት። «እጅዎ ይቀዘቅዛል» ብላ እጇን ሰበሰበች።

«ልብስ ሳጥብ ውዬ ሊግል ኖሯል?» ብላ ሳቀች። ልጅቷ ያመነችው ያን ጊዜ ነው መሰለኝ፤ አንገቷ ሥር ገብታ አለቀሰች።

ቁጭ ብለው ሦስቱን አስተያዩ። ቃል በቃል አንድ ናቸው፣ መስኮቱ ሳይቀር። ሁለቱ ከአንዱ ገልብጠዋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች የእህቴ ልጅ። «ቁጠሩ አልኳችሁ እንጂ ከማን አፍ እንደወጣ ጠይቁ አላልኳችሁም። እሱን ሳላስተምር የት እሄዳለሁ?»

ጠመኔውን አላስረከበችም። ያን የመጀመሪያውን ሰው ግን ከነተማሪዎቿ ፈልገው እስከ ዛሬ አላገኙትም። መስኮቱን አሁን ራሷ ነች የምትዘጋው፣ ምንም ሳትናገር። እኔም ከሥራ ስትመጣ፣ ቦርሳዋን የምቀበል መስዬ፣ እጇን እነካለሁ።