«ቤቶች!»

ኖላዊት በየሳምንቱ በሰው አገር ልጆቻቸው ዘንድ የሚኖሩ ሐበሻ ሽማግሌዎችን በቫን ጭና ታንሸራሽራለች። በዚያ ቅዳሜ ወደ ፓርኩ የወሰደቻቸው፣ የጥንት ሰፋሪዎች ከግንድ የሠሩትን ቤት ልታሳያቸው ነበር። ከኦቴሎ ሰፈር የተሳፈሩትን አዲሱን ሰውዬ ስማቸውን እንኳ አልያዘችውም። ክራቫት አስረዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል።

ሌሎቹ ዘው ዘው እያሉ ሲገቡ እሳቸው ደጃፉ ላይ ቀሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ።

ኖላዊት ሳቋ አመለጣት። «አባባ፣ ማንም የለም እኮ! ሚውዚየም ነው፤ ይግቡ።»

«ቢሆንም የሰው ቤት ነው» አሉና ጥቂት ጠብቀው ገቡ። ሰው የማይኖርበት ቤት ተጠርጎ፣ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቃል። ገበታው ላይ ለቤተሰቡ ሁሉ ሳህን ቀርቧል። ሰውዬው እነዚያን ሳህኖች እያዩ ቆመው ቀሩ፤ ኖላዊት ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው።

ሲመለሱ የአዲሱ ሰውዬ ልጅ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረገች። መኪኖቹ ደጅ ቆመዋል፤ ከሳሎን ሳቅና የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ሰውዬው ግን ዋናውን በር አልፈው፣ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው እያወጡ፣ በጎን በኩል ወደሚኖሩበት ምድር ቤት፣ ወደ ቤዝመንቱ በር አመሩ።

«አባባ፣ እዚህስ ‹ቤቶች› አይሉም እንዴ?» አለቻቸው ኖላዊት በመስኮት ብቅ ብላ፣ ለቀልድ ያህል።

ዞር ብለው አዩዋት።

«የዚያኛው ቤት ሰዎች ሞተው ነው ዝም ያሉኝ፣ ልጄ። እነሱን አልቀየማቸውም።»