ቅርንፉድ የሸተተው መንጋጋ

ጥርስ ሠሪው ድንጋይ ይልሳል። ሚስቱ «እኔ የሠራሁትን አይቀምስም፣ ድንጋይ ግን ይልሳል» እያለች ለጎረቤት ታማዋለች። ዘዴው ቀላል ነው፤ ተራ ድንጋይ ምላስ ላይ አይጣበቅም፣ ድንጋይ የሆነ የጥንት አጥንት ግን ጥብቅ ይላል። ያስተማረው የእህቱ ባል፣ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየወሩ አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ደረቁ ወንዝ እየወረዱ፣ ድንጋይ የሆነ ዛጎልና የዓሣ አጥንት ለቅመዋል።

ያን ቅዳሜ መምህሩ ገደሉ ሥር ተንበርክኮ ጮኸ።

«አንተ! ና ቶሎ! መንጋጋ ነው!»

ከአፈሩ ሦስት ጥርስ ያለው ቡናማ መንጋጋ ብቅ ብሏል። ጥርስ ሠሪው አንስቶ ላሰው። ጥብቅ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን አፉን ቅርንፉድ ቅርንፉድ አለው።

አምና ለጥርስ ሕመም የሚይዘውን አንድ ጠርሙስ የቅርንፉድ ዘይት፣ የጥርስ ቅርጽ የሚያወጣበት የጀሶ ጆንያው ላይ ደፍቶ ነበር። መምህሩ ደግሞ ባለፈው ወር «ለግድግዳዬ ስንጥቅ» ብሎ ከዚያው ጆንያ አንድ ፌስታል ወስዷል። መንጋጋው አጥንት አይደለም፤ ቡናማ እንዲሆን ሻይ የጠጣ የገዛ ጀሶው ነው!

እንትፍ አለ። ደግሞ እንትፍ አለ።

«ጥርሶቹስ የማን ናቸው?»

«የፍየል» አለ መምህሩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ስማኝ ወንድሜ፤ ሰኞ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሙዚየም ይረከበኛል። አብረን አገኘን ብለህ ትፈርምልኛለህ፣ ስማችን ይጻፋል። ሃያ ዓመት ዛጎል ስንለቅም ማን ዞር ብሎ አየን?»

«አልፈርምም።»

«ለእህትህ ስትል!»

«እህቴን እዚህ ውስጥ አታስገባት! በገዛ ጀሶዬ፣ በገዛ ምላሴ!»

አውቶቡሱ ላይ ለየብቻ ተቀመጡ። ጥርስ ሠሪው በመስኮቱ ሲተፋ ጎኑ የነበረችው ሴት ተጸይፋው ቦታ ቀየረች።

ቤቱ ሲደርስ የሃያ ዓመቱን ለቀማ ያጠራቀመባቸውን ሣጥኖች ከአልጋ ሥር ጎትቶ፣ መምህሩ ያገኛቸውን እየመረጠ ይልስ ጀመር። አቧራ፣ ጨው፣ ደግሞ አቧራ። ሁሉም ጥብቅ ይላሉ። ጀሶም እኮ ጥብቅ ይላል። ዘይቱ የተደፋው አምና ነው፤ ከዚያ በፊት የተገኘውን ምን ያጋልጠዋል?

«አንተ ሰውዬ፣ ራትህ ነው?» አለች ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ።

ከሣጥኑ ግርጌ በጨርቅ የተጠቀለለ ዛጎል ወጣ። የመጀመሪያው ቀን ዛጎል። መምህሩ ያን ቀን እንደ ሕፃን ዘሎ ነበር፤ ሸሚዙ ላይ ጠርጎ «ላሰው፣ አትፍራ» ብሎ ነበር። ወደ ከንፈሩ አስጠጋው። ግን አልላሰውም፤ መልሶ ጠቀለለውና አፉን ሊጉመጠመጥ ሄደ።