የጋሽ ታደለ ጸሎት

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል። እኔን ግን ያድርገኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ገና ቁርስ ላይ ሳለሁ፣ ሰናይት የምትባል የድሮ የመዝሙር ጓደኛዬ ጥቁር ለብሳ በራችንን አንኳኳች። አባቷ ጋሽ ታደለ ማረፋቸውን ዓርብ ማታውኑ ሰምቼ ነበር።

«ፓስተር፣ ቀብሩ ላይ የመዝጊያውን ጸሎት እርስዎ ቢጸልዩልን ብለን ነው» አለችኝ። «መቼም አባባ የጸሎት ሰው እንደነበሩ ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። ከእኔ በላይ የሚያውቅም የለም። የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ዛሬም አንቱ የምላቸው ለሽበታቸው ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ እኛ ጴንጤዎች በግልጽ መዘመር በጀመርንበት ሰሞን ነው። ጉባኤያችን ኮልፌ ውስጥ፣ ከአንድ ብረት ሥራ ቤት ጀርባ በተከራየው የቆርቆሮ አዳራሽ ይሰበሰብ ነበር። ክረምት ነበር። ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ነፋሱ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል ሲዞር ደግሞ በዝማሬ መካከል አፍንጫ ያስይዛል። እኔ ጊታር እመታለሁ። እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ያሳደገችኝ፣ ጉባኤ ላይ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች።

ከአጥራችን ወዲያ እትዬ ዘይነባ ይኖሩ ነበር። በዚያ ክረምት ባላቸው ሞቱባቸው። እናቴ የሐዘኑን ቀናት በሙሉ እዚያው ዋለች፤ ውሃ ቀዳች፣ ሳህን አጠበች፣ ለቀስተኛ አስተናገደች። በሰደቃው ዕለት በሬ ታረደ። እትዬ ዘይነባ ዓይናቸው አብጦ፣ ከወጡ ጠቅልለው አጎረሷት። እናቴ ጎረሰች። የእስላም ሥጋ! ገና ሳይመሽ ወሬው ጉባኤው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ማን እንዳደረሰው እግዜር ይወቀው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ካልተናገርኩት ያንቀኛልና። በደርግ ጊዜ ይኸው ጉባኤ በእኛ ቤት መጋረጃ ዘግቶ በሹክሹክታ ሲጸልይ፣ የቀበሌ ሰዎች ሲመጡ ደጃፍ ላይ ቆመው «እዚህ ቤት በሽተኛ አለ፣ አትረብሹ» እያሉ የሚመልሱልን እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሽ ታደለም ያን ጊዜ ጥግ ይዘው ከተሸጎጡት አንዱ ነበሩ።

በእኛ ዘንድ አንድ የጠብ ዓይነት አለ። ሌላው ሰው ቢጣላ ይሰዳደባል፣ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀዋል። እኛ ግን ዓይናችንን ጨፍነን በጸሎት አሽሙር እንወራወራለን። ይሄኛው ጠብ አስታራቂ የለውም። ጸሎት አይቋረጥማ! የተሰደበው ሰው አፉን ቢከፍት፣ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገር ሽማግሌ አቋረጠ ተብሎ ሌላ ኃጢአት ይጨመርበታል።

ረቡዕ የጸሎት ቀናችን ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ጋሽ ታደለም ከዝናቡ በላይ መጮህ ያውቁበታል።

«ጌታ ሆይ፣ ከማያምኑ ጋር በአንድ ገበታ ቆርሰው፣ በዚያው እጃቸው ያንተን ማዕድ ሊነኩ የሚመጡ በመካከላችን አሉ!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

«በተለይ፣ አባት ሆይ፣ በዕድሜ የበሰሉትን፣ ለወጣቶች ምሳሌ መሆን የሚገባቸውን መበለቶች!»

«አሜን!»

«ልጆቻቸው በፊትህ መሣሪያ የሚመቱትን!»

የቀራቸው ስሟን መጥራት ብቻ ነበር። መሣሪያ የሚመታ የመበለት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ካልተመለሱም ከመካከላችን ለያቸው!» ሲሉ አሜኑ ቆርቆሮውን አናጋው። እኔ ዓይኔን ገልጬ የሚጮሁትን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ስንቶቹ እናቴ ቤት እንጀራ በልተዋል! ደሜ ፈላ።

ጋሽ ታደለ ሲያበቁ ከሴቶቹ በኩል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። የእናቴ ነበር።

«ጌታ ሆይ፣ በልቻለሁ። ርቦኝ እንዳልነበር ታውቃለህ። ዘይነባ እያለቀሰች አጎረሰችኝ፣ እጇን መመለስ አልቻልኩም። አንተ ብትሆን ትመልሰው ነበር?»

ያ ሁሉ አሜን የት እንደገባ እንጃ። እኔ በጎረነነ ድምፄ፣ ብቻዬን፣ «አሜን!» አልኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው «እሽሽ!» አለኝ።

በማግስቱ ሁለት የጉባኤው ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። «እኅታችን፣ በጉባኤ ፊት ንስሐ ይግቡ፤ እስከዚያው ከጌታ እራት ይታቀቡ» አሏት።

«ሰው በሐዘኑ ያጎረሰኝን፣ ኃጢአት ነው ብዬ ጌታን አልዋሸውም» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ማንም ወደማያውቃት፣ አስኮ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ጀመር፤ ታክሲ ስታጣ በእግሯ። የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ገና ሰው ሳይወጣ ቀድማ ትወጣለች። ጉልበቷ እስኪከዳት እንደዚያው እንግዳ ሆና ኖረች። እኔም ጊታሩን በዚያው ሳምንት አስረከብኩ፤ ወደዚያው ጉባኤ ፓስተር ሆኜ የተመለስኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሰዎች «ጥሪህ እንዴት መጣ?» ሲሉኝ በንዴት ነው እላለሁ። ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል።

ይህን ሁሉ ለሰናይት ነገርኳት። ለሐዘንተኛ የሚነገር አልነበረም፤ ቢሆንም አላስቀረሁላትም። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«እኔም እኮ ነበርኩ፣ ፓስተር» አለች በመጨረሻ። «አሜን ብያለሁ። ስለ ማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሁሉም ሲል እኔም አልኩ።»

ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ስጠላ ኖሬያለሁ፤ አንድ ሰው መጥላት ይቀላል። ጋሽ ታደለ ግን ብቻቸውን እናቴን ከየትም ማስወጣት አይችሉም ነበር። ማንም ባይቀበላቸው ኖሮ ድምፃቸው ከዝናቡ ጋር ያልቅ ነበር። እናቴን ያስወጣት አሜኑ ነው፤ አሜን ያሉትን ደግሞ ያን ቀን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፣ ለግማሾቹ ዛሬም እሑድ እሑድ እሰብክላቸዋለሁ።

«ሰናይት፣ እኔ አልጸልይም» አልኳት። «ዓይኔን ከጨፈንኩ ምን እንደሚወጣኝ አላውቅም። አባትሽም መልስ መስጠት አይችሉም።»

አልተቀየመችኝም። ቀብሩ ላይ ከሕዝቡ ኋላ ቆምኩ። አንድ ወጣት አገልጋይ ጸለየ፤ ገና አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ዙሪያዬ ያለው ሰው «አሜን! አሜን!» ይላል። እኔ አፌን ዘግቼ አዳመጥኩ። ምእመናኔ በዚህ ያሙኛል፣ ፓስተራችን ቀዝቃዛ ነው፣ መንፈስ የለውም ይላሉ። ይበሉ። እኔ አሜን የምለው ሰውዬው ከጨረሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማን እየተባረረ እንደሆነ ልስማ።