ስድሳ ሦስት ማንኪያና አንድ አውራ ጣት

ጋሽ ክሬም ኬክ ጋጋሪ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውስ የለም፤ መታወቂያውም በቅቤ ከመራሱ የተነሳ በቅጡ አይነበብም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ኬክ ቤት ጓዳ፣ ባለ አንድ መስኮት መጋገሪያ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሠርግ፣ የልደትና የምርቃት ኬክ ሲያስጌጥ ኖሯል። እስከ ዛሬ የመታው ክሬም ተሰብስቦ ቢፈስ ኳስ ሜዳውን እስከ ተጫዋቾቹ ጉልበት ይሸፍናል ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች። ማጋነን የማይወዱት ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው ይላሉ።

ስኳር በሽታ ከያዘው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን ስኳር የሚባል ነገር ዝር አይልም። ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ዳቦውን በስስ ትቆርጥለታለች፣ ሻዩን ባዶውን ትሰጠዋለች፣ ጠዋት ጠዋት ጣቱን ወግታ ስኳሩን ለክታ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፋለች። ጋሽ ክሬምም እንደ ደህና ተማሪ የተሰጠውን በልቶ፣ ኪኒኑን ውጦ፣ መርፌውን በሰዓቱ ተወግቶ ሥራው ይሄዳል። ጣፋጭ በላህ ወይ ያለው ካለ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና "ከአፌ አልገባም!" ይላል። ዋሽቶ አይደለም። ያምንበታል።

በመጋገሪያ ክፍሉ አንድ ሕግ አለ፤ አንድ ማንኪያ ሁለቴ አይነከርም። አፍ የነካ ማንኪያ ወደ ክሬሙ አይመለስም፣ ቀጥ ብሎ ወደ እትዬ ሳሙና ገንዳ ነው። እትዬ ሳሙና ዕቃ አጣቢዋ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመት እዚያች ገንዳ ላይ አጎንብሳለች፤ ቆጥባ የምትናገር፣ ስትናገር ግን የማትስት ሴት ናት። ይህን ሕግ ጋሽ ክሬም ለአባቱ እንኳ አይሽረውም።

ጣጣው ያለው ራሱም ሕግ መሆኑን በማያውቀው በሁለተኛው ሕግ ላይ ነበር። መቅመስ ሥራ ነው፣ መብላት ሌላ ነው። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ኮት ለክቶ ቢያየው ኮት ለበሰ ይባላል? አይባልም። ጋሽ ክሬምም ሲቀምስ ይውላል እንጂ በላ አይባልም።

ነገሩ የጀመረው ባለ አራት ደርብ የሠርግ ኬክ በታዘዘበት ሐሙስ ነው። ክሬሙን በኮከብ ቅርጽ የምታስወጣዋ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጠዋ ቆርቆሮ ጠፋች። መሳቢያው ተገለበጠ፣ የዱቄት ጆንያው ተራገፈ፣ ክሬም መምቻው ማሽን ሳይቀር ተፈተሸ።

"በፍሳሹ ለቀቅሻት አይደል?" አለ ጋሽ ክሬም፣ እትዬ ሳሙና ላይ ዓይኑን አፍጥጦ።

"ጋሼ፣ እኔ ዕቃ አጥባለሁ እንጂ ዕቃ አልውጥም" አለችና ወደ ገንዳዋ ተመለሰች።

እሱም ኮከብ ይሆን የነበረውን ሁሉ አበባ አድርጎ፣ እያጉረመረመ ኬኩን ጨረሰ። ማታ ቤቱ ገብቶ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሚስቱ ካልሲው ቀልቶ አየችው። ጫማውን ስባ ስታወልቀው ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማ። ቆርቆሮዋ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

"ተገኘች!" አለ ጋሽ ክሬም በደስታ።

ሚስቱ ሁለት ሲደመር ሁለት አምስት ነው ያለ ተማሪ በምታይበት ዓይን አየችው። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ስለታም ቆርቆሮ ረግጦ ቆሞ አልተሰማውም! ከአውራ ጣቱ ሥር ቁልጭ ያለ ኮከብ በደም ታትሟል። እሱ ግን እግሩን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ "እይው፣ አንዱ ጫፍ እንኳ አልተጣመመም" ብሎ አደነቀ። የያዘውን የሙያ ፍቅር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

በማግስቱ ወደ ክሊኒክ ሄዱ፤ ዶክተሩ ወጣት፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። "አባባ፣ ስኳሩ የእግርዎን ነርቭ አደንዝዞታል" አለው። "እግርዎ ደወሉ የተበጠሰበት ቤት ሆኗል፤ ሌባ ቢገባ አይጮህም። ደግሞ ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ቁስል ለመዳን ይሰንፋል፣ ጀርም ግን ይበረታል። ጣቱ ላይ ብዙ አይቁሙ፣ ስኳሩን እናውርድ።"

ፋሻው በየሁለት ቀኑ ተቀየረ፤ ቁስል የምታጥበው ሲስተርም እጇ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነበር። ቁስሉ ግን አንድ ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት አልፎት ጭራሽ ሰፋ። የኮከቡ ጫፎች ጠፍተው ክብ ሆነ። ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ ቁጥርም ሁለት መቶ ስድሳ፣ ሁለት መቶ ሰባ እያለ ይንፏቀቃል። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ዶክተር መነጽር ሲጠርግ ደግሞ ደህና ወሬ የለም።

"ሦስት ሳምንት እንየው። ስኳሩ ካልወረደና ቁስሉ መጥበብ ካልጀመረ፣ ወደ አጥንቱ ሳይዘልቅ ጣቱን መቁረጥ ይኖርብናል።"

ጋሽ ክሬም አንዴ ዶክተሩን፣ አንዴ ጣቱን አየ። "አውራ ጣቴን? በእሱ ተንጠራርቼ እኮ ነው አራተኛው ደርብ ላይ የምጽፈው! እሱ ከሌለ የሙሽሮቹን ስም ማን ይጽፋል?"

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱ ዝም አለች። ሒሳብ አስተማሪ ዝም ካለ እየደመረ ነው። "ዳቦው በልክ ነው፣ መርፌው በሰዓቱ ነው። ሒሳቡ አይገጥምም" አለች በመጨረሻ። "አንተ ሰውዬ፣ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ትበላለህ።"

"ከአፌ አልገባም!"

በነጋታው ቅዳሜ ነበርና ትምህርት ቤት የለም። ሳይጠራት መጋገሪያ ክፍሉ መጣች። ኪሱን፣ መሳቢያውን፣ የኮቱን ገበር ሳይቀር በረበረች፤ ከረሜላ የለም፣ ብስኩት የለም። ደክሟት እትዬ ሳሙና ገንዳ ዘንድ ስትቆም የሴትየዋን እጅ አየች። ተሰነጣጥቋል።

"ውይ እህቴ፣ እጅሽ ምን ሆነ?"

"የማንኪያው ነዋ። ትናንት ብቻ ስድሳ ሦስት።"

"የደንበኛ ማንኪያ?"

"የደንበኛው በዚያኛው ገንዳ ነው። ይሄ የጋሼ ነው። አንድ ማንኪያ ሁለቴ አይነከርም አይደል ሕጉ?"

ክሬም መምቻው ማሽን ብቻ ያጉረመርማል። ሚስቱ ሄዳ እሱንም አጠፋችው።

"ስድሳ ሦስት?" አለች ዞር ብላ።

"እየቀመስኩ ነው እኮ!" አለ ጋሽ ክሬም። "ሥራ ነው! ደግሞ ሙሉ ማንኪያ አይደለም፣ ግማሽ ግማሽ ነው!"

"እሺ፣ ግማሽ ይሁን።" ባዶ ጎድጓዳ ሳህን አነሳች። "እህቴ፣ ስድሳ ሦስት ግማሽ ማንኪያ ክሬም እዚህ ውስጥ ቁጠሪልኝ።"

እትዬ ሳሙና በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ትእዛዝ ደርሷት አያውቅም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቆጠረች። ሃያ ላይ ጋሽ ክሬም ፈገግታው ጠፋ። ሠላሳ አምስት ላይ ወንበር ፈለገ። ስድሳ ሦስት ስትል ሳህኑ ሞልቶ ጫፉ ላይ ተከምሯል።

"ይሄ ሁሉ?" አለ።

"በየቀኑ።"

"ቀምሼ ነው እኮ..."

"ሆድህ ለቀመሰና ለበላ ሁለት የተለያየ በር አለው?"

ጋሽ ክሬም ኩምሽሽ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮት የኖረ ሕግ በአንድ ሳህን ተሻረ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሽንጡን ገትሮ ተነሳ። "መልካም! አልቀምስም! ታዲያ ማን ይቅመስ? አንቺ ምላስሽ ጠመኔ የለመደ ነው። ሻጯ ልጅ ደግሞ ሳሙና ብትሰጫት 'ያምራል' ነው የምትለው። ምላስ አይዋዋሱትም!"

"እኔ ልቅመስ?" አለች እትዬ ሳሙና፣ እጇን እያደረቀች።

"አንቺ? አንቺ ስለ ክሬም ምን ታውቂያለሽ?"

"ስለ ክሬም እንኳ አላውቅም። ሳህኑን ነው የማውቀው።" ትንሽ አመነታችና ቀጠለች። "ጋሼ፣ እንዳይቆጡ። ሁለት ዓመት ሆነው ክሬሙ እየተመለሰ ነው። ሰዉ ኬኩን ይበላል፣ ክሬሙን ገፍቶ ይተወዋል። ጣፍጦ ጣፍጦ አንገሸገሻቸው። እርስዎ ስኳር ከመልመድዎ የተነሳ እየጨመሩ እየጨመሩ ሄዱ። ደግሞም እግርዎ አልሰማ ካለ ምላስዎ ምኑ ጻድቅ ሆኖ ነው የሚሰማው?"

ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በሳቅ።

"ውሸት!" ብሎ ጋሽ ክሬም እያነከሰ ወደ ደንበኞቹ ገንዳ ሄደ። አንድ ሳህን አነሳ። ክሬሙ እንደ መንገድ ጭቃ ወደ ዳር ተገፍቷል። ሁለተኛም እንደዚያው። አምስተኛው ላይ ደንበኛው በሹካው የክሬሙን ጽጌረዳ እንደ አረም ነቅሎ አስቀምጦታል።

ቆርቆሮ ሲወጋው ያልተሰማው ጋሽ ክሬም፣ ይሄ ተሰማው። ሚስቱ ተቆጥቶ ሁሉን ይበትነዋል ብላ ስትጠብቅ እሱ ጎንበስ ብሎ በፋሻ የተጠቀለለ ጣቱን አየ። ሦስት ሳምንት። ከዚያ ንጹሕ ማንኪያ አንስቶ ለእትዬ ሳሙና ዘረጋላት።

"ቅመሺ።"

በማንኪያው ጫፍ ነካ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ዳኛ ለፍርድ እንዲህ ጊዜ አይወስድም።

"ከስኳሩ አንድ እፍኝ ይቀነስ።"

"አንድ እፍኝ! ገደልሽኝ! ግማሽ ይሁን።"

"አንድ እፍኝ ብያለሁ፣ ጋሼ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ክሬም አፉን በጭምብል ሸፍኖ፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ተቀምጦ ይሠራ ጀመር። እጁ ግን የሠላሳ አንድ ዓመት መንገዱን መቼ ረስቶ! በመጀመሪያው ቀን ብቻ አራት ጊዜ ክሬሙን ጭምብሉ ላይ ለጠፈው። እትዬ ሳሙና በቀን ስምንቴ፣ በማንኪያ ጫፍ ብቻ ትቀምስና አፏን ትጉመጠመጣለች፤ ይህን የደነገገችው ሒሳብ አስተማሪዋ ናት፣ "አንዱን አድነን ሌላዋን አናሳምምም" ብላ። የግድግዳው ቁጥር ሁለት መቶ ሠላሳ ሆነ፣ አንድ መቶ ሰማንያ ሆነ። ሚስቱ ወዲያው ለሲስተር ደወለችና ዶክተሩ ስኳሩ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የመርፌውን መጠን ቀነሰ።

ሲስተር የቁስሉን ዳር በስስ ላስቲክ ላይ በእስክሪብቶ እያነሳች ከበፊቱ ጋር ታስተያያለች። ጋሽ ክሬም ሚሊሜትር አይገባውም፤ የሚለካው በራሱ መለኪያ ነው። "ትንሿን ብስኩት ታክል ነበር፣ አሁን የሸሚዝ ቁልፍ አክላለች" እያለ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ያወራል። ደብቆ የቆየው ነገር ሲወጣ አፉም አብሮ ተከፈተ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ራሱ የፈለሰፈው ይመስል ይተርታል።

የሦስተኛው ሳምንት ቀን ደረሰ። ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ግን ወሬኛው ጋሽ ክሬም ዓይኑን ከፋሻው ላይ አልነቀለም። ሚስቱ እጁን ያዘችው። ሲስተር ፋሻውን ፈታች። ዶክተሩ አጎንብሶ አየ፣ ጫን ጫን አደረገ፣ ላስቲኮቹን ደራርቦ ወደ መብራቱ አነሳቸው። መነጽሩን አልጠረገም።

"ከግማሽ በላይ ጠቧል። ሥጋው ቀልቷል፣ ንጹሕ ነው። ጠዋት ስኳርዎ ስንት ነበር?"

"መቶ ሃያ ስድስት!" አለች ሚስቱ፣ ተማሪዋ አንደኛ የወጣላት ያህል።

"እንግዲያው ጣቱ ይቆያል።"

"እስከ መቼ?" አለ ጋሽ ክሬም በቀጭን ድምፅ።

"እርስዎ እስካሉ፣ አባባ። እንዲህ ከያዙት።"

የዚያን ጊዜ ጋሽ ክሬም ያወጣት "እፎይ!" የሲስተርን ጥጥ ከነሳጥኑ በተነችው ይባላል። ሚስቱ ደግሞ ከሳቅና ከእንባ የቱን እንደምታስቀድም ጠፍቷት ሁለቱንም አንድ ላይ ለቀቀችው።

ቁስሉ ጨርሶ የተዘጋው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ምስር አከለ፣ ከዚያ ሰናፍጭ አከለ፣ ከዚያ ምንም። በማግስቱ ጋሽ ክሬም ያቺን ቆርቆሮ ይዞ ገንዳው ዘንድ ሄደ። "እትዬ፣ በፍሳሹ ለቀቅሻት ብዬሽ ነበር። አፉ በይኝ።"

"ይሁን ጋሼ። አሁን ጫማ!"

ይቺ አዲሷ ሕግ ናት። ጠዋት ጠዋት ሥራ እንደ ገባ ጫማውን አውልቆ፣ ገልብጦ መታ መታ ያደርጋል፤ እትዬ ሳሙናም ውስጡን በእጇ ዳስሳ ካላሳለፈችው እግሩ አይገባም። ማታ ደግሞ ሚስቱ የእግሩን መዳፍ እንደ ፈተና ወረቀት ታርመዋለች።

በዚያው ሳምንት ባለ አራት ደርብ ኬክ ታዘዘ። ጋሽ ክሬም ሊንጠራራ ሲል ሚስቱ "ቁጭ!" አለችው። ሴቶቹ ኬኩን ለሁለት አንስተው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። አራተኛው ደርብ ደረቱ ጋ መጣ። የሙሽሮቹን ስም እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ጻፈው፣ ዘንድሮም ካቻምናም ጽፎ ከሚያውቀው ሁሉ አሳምሮ።

"ቆይ" አለ እጁ አየር ላይ ቀርቶ። "በርጩማው ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ ነበር?"

"እኔ ስመጣም እዚሁ ነበር" አለች እትዬ ሳሙና።

"ታዲያ ስንጠራራ የኖርኩት ለምንድነው? ይሄ ጣት ለሥራው አያስፈልግም ነበር ማለት ነው?"

"ይቆረጥ ታዲያ?" አለች ሚስቱ።

"ክፉ አትናገሪ!" ጋሽ ክሬም እግሩን ከፍ አድርጎ የተሰቀለበትን ወንበር አመቻቸለት። "ሲያገለግል የኖረ ነው። ጡረታ ወጥቷል።"

እትዬ ሳሙና ሳቋን ይዛ ወደ ደንበኞቹ ገንዳ ዞረች። ሳህኖቹ ተደርድረዋል፤ ክሬም የቀረበት አንድም የለም። ተልሰው ከመንጻታቸው የተነሳ ለማጠብ እንኳ አሳዘኗት።