የወለላ ዝምታ

እትዬ አፀደን ያገኘኋቸው ከእንጦጦ የወረደው ጉም መንገዱን ሁሉ በዋጠበት ጠዋት ነው። ታክሲ ፍለጋ ቁልቁል ስወርድ፣ ነጠላቸው ረጥቦ፣ ጆሯቸውን ወደ ግቢያቸው ሰጥተው ቆርቆሮ አጥራቸው ሥር ቆመዋል። ጎረቤት ነን፤ ከሰላምታ ያለፈ ወግ ግን ኖሮን አያውቅም።

«ደኅና አደሩ እትዬ? ምን ጠፋብዎት?»

«እሽ! ቀስ በይ ልጄ፤ ላሜን እያዳመጥኩ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ እግሬ አይነሳም። ታክሲውን ረሳሁት።

እትዬ አፀደ የተወለዱት እዚሁ ግቢ ነው። የአባታቸውን ላሞች ዘር እያለቡ ሦስት ልጆች አሳድገው ድረዋል። አሁን የቀረቻቸው ወለላ ብቻ ናት፤ ማር የመሰለች ላም። የካቲት ላይ ወልዳ ወተቷ እንደ ምንጭ ሆነ፤ እሷ ግን ከሳች። ኮርማ ፍለጋ የምትጮህበት ጊዜ ደርሶ አለፈ፤ ዝም።

«ከኛ ጋር ሁዳዴን የጾመች መሰለኝ» አሉ። «ለፋሲካ ታዲያ እሷም ትግደፍ ብዬ ምግቧ ላይ ዘይት ገለበጥኩላት።»

«ዘይት እኮ የጾም ነው እትዬ!»

«ቅቤ ትብላ እንዴ? ቅቤውማ የራሷ ነው! ብቻ በማግስቱ ማመስኳት ተወች። ዓምሃ፣ ባለቤቴ፣ ‹ላሚቷን ጠብሰሽ ልትበያት ነው?› ብሎ አፌዘብኝ።»

ላም የሚያዳቅለው ዮናስ መጥቶ አስረዳቸው። የወለደች ላም ወተቱን የምትሰጠው ከገዛ ገላዋ እየቆረሰች ነው፤ ገላዋ ስንቅ ካልያዘ ስለ ሌላ ጥጃ አያስብም። ጥቂት ቅባት ያግዛታል፤ ሲበዛ ግን ድርቆሹ ሆዷ ውስጥ አልፈጭም ይላል። ከዚያ ወዲህ የተፈጨ ተልባ፣ እፍኝ ብቻ፣ ከፍሩሽካ ጋር ይለውሱላታል።

ተልባው ይሁን ጊዜው፣ ሰኔ ሲገባ አንድ ማለዳ ወለላ ጮኸች። እትዬ አፀደ አለቀሱ። ዮናስም አዳቀላት። አቶ ዓምሃ ግን ቁርጡን ተናገሩ፤ «ዘንድሮ ፅንስ ካልያዘች ሸጎሌ ገበያ ትወርዳለች። ነገ የምትነጥፍ ላም አልቀልብም።»

ካልያዘች በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ ትጮኻለች። ሦስተኛው ሳምንት ይኸው ነበር፤ እትዬም ውጭ የቆሙት ካየቻቸው ለምግብ እንዳትጮኽ ብለው ነው።

እኔም ጆሮዬን አጥሩ ላይ አደረግሁ። በጉሙ ውስጥ ቤቱም፣ ዛፉም፣ እኛም ከመሬት ተነስተን የምንንሳፈፍ መሰለኝ። ድንገት አንዲት ላም ጮኸች። የእትዬ አፀደ እጅ ክንዴን ጨመቀው።

«የሷ አይደለም» አሉ ቆይተው። «የወለላ ወፈር ይላል።»

ከዚያ በኋላ ከአጥሩ ወዲያ የሚሰማው ዝግ ያለ ማመስኳት ብቻ ሆነ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ድምፅ።

«ያኔ ጩኺ እያልኩ ተሳልኩ፤ አሁን ደግሞ ዝም በይ እያልኩ። እግዜርም ግራ ሳይገባው አይቀርም።»

ልሰናበታቸው ስል እጄን አልለቀቁም።

«ቤትሽ እላይ ነው፤ ድምጿ ይደርስሻል አይደል? ዓምሃ እንደሁ ጆሮውን የማኪና ሞተር በልቶበታል፤ ሰው ጠይቆ ነው የሚያውቀው። ከጠየቀሽ፣ የጮኸችው የሌላ ሰው ላም ናት በይልኝ።»