አያ ፈንታሁን የመረጧት ጀልባ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ላለው ሰው፣ በሬ መግዛት ማለት መጀመሪያ አያ ፈንታሁንን መለመን ማለት ነበር። ገበያ በዋለ ቁጥር በማለዳ ደጃቸው ላይ ሁለት ሦስት ሰው ይቆማል። እሳቸውም ተጫምተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ጨብጠው ካበቁ በኋላ፣ «ኧረ ዛሬስ ጉልበቴን አሞኛል» ይላሉ። ሰዉ ይለምናል፣ እሳቸው ይግደረደራሉ። ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ወደ ገበያው ይሄዳሉ።

በሬ ሲያዩ ለጉድ ነው። ከንፈሩን ገልበው ጥርሱን ያያሉ፣ ሻኛውን ይጨብጣሉ፣ ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ከሁሉ አስበልጠው የሚጠሉት ወገበ ሰፊ፣ ሆደ ዘርጣጣ በሬ ነው። «ይህ ለግጦሽ እንጂ ለቀንበር አልተፈጠረም» ብለው ያልፉታል። ደረቱ ሾል፣ አንገቱ ቀና ያለውን ሲያገኙ ግን ዱላቸውን ጀርባው ላይ ያሳርፋሉ፤ ነገሩ ያኔ አበቃ። እውነቱን ለመናገር፣ ካስገዟቸው በሬዎች መካከል የማይረቡም ነበሩ። ነገር ግን በሬው ሲለግም የሚወቀሰው ገበሬው ነው፤ ወይ ድርቆሽ ነፍጎታል፣ ወይ ዓይን አስበልቶታል። አያ ፈንታሁን ተሳስተው አያውቁም።

አንድ ምርጫ ብቻ ነበር ውስጥ ውስጡን የሚበላቸው። እሱም አማቻቸው ደሳለኝ ነው። የመጨረሻ ልጃቸውን ፋሲካን ከጠየቁት ሁሉ እሱን የመረጡት ራሳቸው ነበሩ። ደገኛ ነው፣ ገብስና ስንዴ ያውቃል፣ ልጄንም አያርቅብኝም ብለው። ደሳለኝ ግን በተጋቡ በዓመቱ ሩዝ ያዋጣል ሲባል ሰምቶ ሚስቱን ይዞ ፎገራ ወረደ። ሩዙም አልበቃ ብሎት የጣና ዳር ሰው ሆነ፤ በደንገል ታንኳ ዓሣ ያሰግራል፣ ሰው ያሻግራል። አያ ፈንታሁን ስለዚያ አገር የሚያውቁት ሁለት ነገር ነው፤ ወባና ውሃ። ሁለቱም ሰው ይወስዳሉ።

ልጃቸው ናፈቀቻቸው። ቤቱ ጭር አለባቸው፤ እህል እንኳ አልጥም አላቸው። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ቁራጭ መሬት ለማንም አላከራዩም፤ ሲጠየቁ «ባለቤት አላት» ይላሉ። በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልጉት ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ፋሲካ ወደ ደጋ እንድትመለስ። ይሁንና የተዳረችን ልጅ ከባሏ ቤት ተመለሺ ማለት ነውር ነው። እሳቸው ደግሞ በዚህ ነውር ስንቱን ጎረቤት ሲገሥጹ የኖሩ ሰው ናቸው።

በዚህ መካከል የሱፍ የሚባለው የደብረ ታቦር የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ፣ ተዘግቶ የሄደ አንድ ፕሮጀክት ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ገዛ። ከጠረጴዛውና ከወንበሩ ጋር ሁለት የአሉሚኒየም ጀልባ ከነሞተራቸው ተጭነው መጡና ግቢው ውስጥ ተጋደሙ። ከተማው ተራራ ላይ ያለ ነው፤ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ ቀርቶ ለቧንቧውም ወረፋ አለ። ሰዉ እየመጣ ይጎበኛል። የየሱፍ ሚስት ሐሊማ ብቻ ቶሎ እንዲሸጡ አልፈለገችም፤ ዶሮዎቿ አንደኛዋ ውስጥ እንቁላል መጣል ጀምረው ነበር።

ወሬው ፎገራ ደረሰ፤ ደሳለኝም አንድ ጊዜ መጥቶ ጀልባዎቹን አይቶ ከተመለሰ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። የአማቱን ጉልበት ስሞ ተቀመጠና፣ «አባቴ፣ የላከችኝ ፋሲካ ናት። አንቱን ሳላማክር እንዳልገዛ ብላኛለች። እኔማ አንዷን አይቼ ወድጃታለሁ፤ ግን የአንቱ ዓይን ይበልጣል» አለ።

አያ ፈንታሁን በዕድሜያቸው ጀልባ አይተው አያውቁም። ይህን መናገር ግን አልሆነላቸውም። «ጉልበቴን አሞኛል» አሉ፤ እያሉም ጫማቸውን ይፈልጉ ነበር።

ሐሳቡ የመጣላቸው መንገድ ላይ ነው። ከሁለቱ የማትረባዋን ቢመርጡለትስ? ይለፋባታል፣ ይሰለቻል፣ ሐይቁን ትቶ ሚስቱን ይዞ ይመለሳል። ሐሳቡ ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ አሳፈራቸው፤ ጥቂት ሲሄዱ መልሶ ደስ አላቸው። ጉድጓድ ሲምሱ አርቀው አይማሱ የሚለውን ተረት ለስንቱ ተርተውታል። የዚያን ዕለት ግን ትዝ አላላቸውም።

የየሱፍ ግቢ ሲደርሱ ሰው ከቧቸው ገባ። አንደኛዋ ጀልባ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ ጠበብ ያለች፣ አፍንጫዋ ቀና፣ ሆዷ ወደ ታች የሾለ ናት። ሌላዋ ቀለም የሚባል የላትም፤ ሰፊ ናት፣ ሆዷ ዝርግ፣ ፊቷም እንደ ገበቴ ድፍን ያለ። ዶሮዎቹ የሰፈሩባት እሷ ናት።

«አንድ ነገር ንገረኝ የሱፍ፤ ከሁለቱ የምትሰጥም አለች?» አሉ አያ ፈንታሁን። አማቻቸውን ሊያሰለቹት እንጂ ሊያሰጥሙት አልፈለጉም፤ ልጃቸውም ትሳፈርበታለች።

«ካልተበሱ አይሰጥሙም። ሁለቱንም ውሃ ሞልቼ ፈትሻቸዋለሁ፤ ጠብ አላለም።»

«ታዲያ ውሃው የሚመጣው ከውጭ አይደለም እንዴ?»

«ቀዳዳ ከሌለ ከየትም ቢመጣ ምን ለየው፣ አያ ፈንታሁን?» አለ የሱፍ።

በዚህ ረክተው ምርመራቸውን ጀመሩ። ተንበርክከው የሁለቱንም ጀልባ ሆድ ዳበሱ፣ ጎኑን በመዳፍ መቱ፣ ጆሯቸውን ሰጡ። ሰማያዊዋ ደረተ ሹል፣ አንገተ ቀና ናት፤ ቀኑን ሙሉ ብታርስ የማይደክማት። በሰፊዋ ውስጥ ግን ያዩት ዕድሜ ልካቸውን ሲጠሉት የኖሩትን ያንን ሆደ ዘርጣጣ በሬ ነው። ደሳለኝ እሷን ከገዛ አንድ ክረምትም አይቆይም። ዱላቸውን ሰፊዋ ላይ አሳረፉ።

«ይህችን ግዛ።»

ደሳለኝ ሰማያዊዋን በስስት አየት አደረገና፣ «አባቴ፣ ያችኛዋ ትፈጥን አይመስልዎትም?» አለ።

«ፍጥነት ለሌባ ነው» አሉ አያ ፈንታሁን፤ የሚሉት ነገር እየተናገሩ ይመጣላቸው ነበር። «ሹል ነገር መሬት ይወጋል፤ ሰፊ ነገር ይንሳፈፋል። ደግሞስ ሰውና እህል ስትጭን የት ልታስቀምጠው ነው? ዶሮ እንኳ የሚበጃትን አውቃለች።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አያ ፈንታሁን ግን ከአፋቸው የወጣው ሁሉ ውሸት መስሏቸው በልባቸው ንስሐ ይገቡ ነበር። ደሳለኝ ምራቁን ዋጠና ሰፊዋን ገዛ። ሰማያዊዋንም ሳይቆይ ሌላ የሐይቅ ዳር ሰው ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ አያ ፈንታሁን ሲጠብቁ ከረሙ። ለጎጆ የሚሆን ባሕር ዛፍ አስቆርጠው አደረቁ፤ ቁራጯን መሬት አሳጠሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዴ «ለማን ነው ይህ ሁሉ?» ሲሏቸው «እንጨት ቢኖር ምን ይጎዳል» ይላሉ። የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ብቅ እያሉ ያያሉ።

የመጣው ግን ወሬ ነው። የፎገራ በኩል የሐይቁ ዳር ጥልቀት የለውም፤ ጭቃና እምቦጭ ነው። ሰማያዊዋ በሹል ሆዷ ጭቃው ላይ እየተሰካች፣ ውሃውን የሚቀዝፈው የሞተሯ መዘውር እምቦጭ እየተጠመጠመበት፣ በመጨረሻ ሞተሩ ተቃጥሎ ዳር ላይ ተገልብጣ ቀረች። ሰፊዋ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ ሳይቀር ትንሸራተታለች። ደሳለኝ ሞተሩን ቀና አድርጎ በዘንግ ሲገፋት እምቦጩን ረግጣ ታልፋለች። ሰው ጫነች፣ ሩዝ ጫነች፣ ጭድ ጫነች፤ አንድ ጊዜም ጥጃ ከነእናቷ አሻገረች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው።

አገሩ ጉድ አለ። «በሬ ብቻ የሚያውቁ መስሎን» ተባለ። ከወረታ ድረስ ስለ ጀልባ የሚያማክሩ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። አያ ፈንታሁን ጉልበቴን አሞኛል ይላሉ፤ በእውነትም አንድ ነገራቸውን ያማቸው ነበር። ባሕር ዛፉን ሸጡት።

በዓመቱ ፋሲካ ወለደችና አያ ፈንታሁን ለክርስትናው ፎገራ ወረዱ። በማግስቱ ደሳለኝ መንገደኞች ሲያሻግር እሳቸውንም አሳፈራቸው። ሞተሩን ይዞ ከኋላ ቆመ፤ ፋሲካ ሕፃኑን ታቅፋ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። አያ ፈንታሁን የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ አሁንማ አልፏል» አለች ፋሲካ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያኔ ደሳለኝን ወደ አንቱ ስልከው ልቡ ሰማያዊዋ ላይ ነበር። ሆዷ ሹል ነው ሲለኝ ለዚህ ዳርቻ እንደማትሆን አውቄ ነበር፤ ግን ዝም አልሁት። ትሰበርበትና ተስፋ ቆርጦ ወደ እናንተ ይመልሰኛል ብዬ። አገሬ ናፍቆኝ ነበር። አንቱም ልቤን ያውቁልኝና የወደድካትን ግዛ ብለው የሚመርቁት መስሎኝ ነበር።»

አያ ፈንታሁን የጀልባዋን ጠርዝ ለቀው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቱ ግን ሰፊዋን መረጡለት። አባቴ እንኳ እዚያው ኑሪ ካለኝ ብዬ አንድ ቀን አለቀስሁና ልቤን እዚህ አሳረፍሁ። አሁን ለምጃለሁ፤ ደህና ነኝ።»

ዝም ቢሉ ዝናቸው ሙሉ ነው። ልጃቸው ግን አባቴ አልፈለገኝም ብላ ይህን ሁሉ ጊዜ ኖራለች፤ ይህን አንጀታቸው አልቻለውም። ከሞተሩ ጩኸት በላይ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የማትረባዋ መስላኝ ነው የመረጥኋት! እንድትመለሽልኝ ብዬ ነው። እኔ ስለ ጀልባ አንድም የማውቀው የለም። በሬውንም ቢሆን ግማሹን በግምት ነው።»

ጀልባዋ ሙሉ ሰው ሳቀ። አንዲት አሮጊት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «አያ ፈንታሁን ጨዋታም ይችላሉ ለካ» አሉ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ደሳለኝ ነው።

አያ ፈንታሁን የልጃቸውን እጅ ያዙ። «እውነቴን ነው፣ ፋሲካ» አሏት።

ፋሲካ ፈገግ ብላ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይሁን አባቴ» አለች። «እኔን ለማጽናናት ብለው በእርጅናዎ አይዋሹ።»