በእፍኝ ጨው የተሸጠችው

ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ «በሌሊት ወጣን፣ ጅብ ሲጮህ ወጣን» ይላል። እኛ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ ነው። የመካነ ሰላም ገበያ ቀን ስለነበር ባሌ ይመር ባዶ ስልቻ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እኔ ልጅቷን አዝዬ፣ ገበያተኛ መስለን ውልቅ አልን። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ባዶ ስልቻ ማንንም አያስጠረጥርም ነበር፤ አገሩ ሁሉ ባዶ ስልቻ ይዞ ይዞራል። የቀበሌው ሊቀመንበር መንገድ ላይ አገኘንና «ለሰፈራ ተመዝግባችኋል፤ ከነገ ወዲያ መኪና ይመጣል» አለን። ይመር ፊቱን እንኳ ሳያኮሳትር «እሺ ጓድ፣ ጨው ገዝተን እንመለሳለን» አለው። ይኸው እስከ ዛሬ እየተመለስን ነው።

ሰፈራውን ፈርተን ብቻ አይደለም የወጣነው። የይመር ወንድም ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሆኖ «እዚህ የማሽላ አጨዳ አለ፤ እጅ ያለው ሰው አይራብም» ብሎ ልኮብን ነበር። እጅ ደግሞ አለን። የሌለን ሌላው ሁሉ ነው።

ስለ ልጅቷ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነገር ነውና። እኔ ሾተላይ አለብኝ። ሦስት ወልጄ ሦስቱንም ዓመት ሳይሞላቸው ቀብሬአለሁ። አራተኛዋ ስትወለድ ጎረቤቴ ዘሀራ መጥታ «ሽጪልኝ» አለችኝ። አንድ እፍኝ ጨው መዳፌ ላይ አፈሰሰችና ልጅቷን በጓሮ በኩል አውጥታ፣ በፊት ለፊት በር እንደ እንግዳ ልጅ መልሳ አስገባቻት። ከዚያ ወዲያ የዘሀራ ልጅ ሆነች። ሞት ወደኔ ቤት ሲመጣ የኔ የሚባል ልጅ ፈልጎ ያጣል ማለት ነው። ስሟንም ማንም እንዳይመኛት ውዳቂ አልናት። እኔን «እትዬ»፣ ዘሀራን «እማ» እንድትል አስተማርኳት። አንድ ቀን ተሳስታ እኔን «እማ» ብትለኝ ጭኗን ቆንጥጬ አስለቀስኳት፤ ማታ ተኝታ ሳለች የቆነጠጥኩትን ቦታ ሳምኩት። እናንት ዘመናዮች፣ ሳቁ! እኔ ሦስት የቀበርኩ ሴት ነኝ፤ አያስቀኝም። ከአገር ስንወጣ ልጅቷ ስድስት ዓመቷን ልትደፍን ነበር።

ዘሀራ እስከ ወንዙ ሸኘችን። «ልመልስልሽ እንዴ?» አለችኝ ልጅቷን እያየች።

«ኧረ በስመ አብ! መንገድ ላይ ነን እኮ፣ ምን ነካሽ!»

«እንግዲያው አማና ናት። የኔ ናት፣ ላንቺ አደራ ሰጥቼሻለሁ። ማንም ቢጠይቅሽ የኔ ናት እንዳትይ። ወላሂ በይ!»

እኔ የማርያም ልጅ፣ ማተቤን እንደያዝኩ «ወላሂ» አልኳት። በኛ አገር ሰው ለሰው ሲል የማይለው የለም።

አባይን ይመር ልጅቷን አንገቱ ላይ ጭኖ ተሻገረ። ጎጃሞች «ወሎዬዎች ናችሁ? አይ ጉድ!» እያሉ ከሌላቸው ላይ ቆሎ ዘገኑልን፤ እግዜር ይስጣቸው። በጎንደር በኩል ስንወርድ ስልቻችን እንደ ወጣ ባዶ ነበር። መካነ ሰላም በጥር ጠዋት ሣሩን አመዳይ ያነጣዋል አይደል? ድንበሩ ገላባት ላይ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። ድንበሩን ስናልፍ ሱዳኖች ገዳሪፍ ከመግባታችን በፊት መዓስከር ከሚሉት የስደተኛ ሰፈር አስገቡንና ለምዝገባ አሰለፉን።

በዚያው ሳምንት መዓስከሩ ውስጥ ኩፍኝ ገብቶ ነበር። ሰልፍ ላይ ቆመን በጆንያ የተጠቀለሉ ትንንሽ ነገሮች በፊታችን ሲያልፉ ቆጠርኩ፤ ሰባት ላይ ተውኩት። ወረፋዬ ደረሰ። መነጽር ያደረገ ሱዳናዊ መዝጋቢ፣ አጠገቡ አስተርጓሚ የሆነ የጎንደር ጎረምሳ ተቀምጠዋል።

«ይቺ ልጅ ያንቺ ናት?»

በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት «የኔ ናት» ልበል? ሞት እዚያው ሰልፉ ውስጥ ቆሞ እየሰማኝ!

«አይደለችም። የጎረቤት ናት» አልኩ።

«እናቷስ?»

«እዚህ የለችም።»

«አባቷ?»

ይመርን አየሁት። እሱ እግሩን አየ። «የለም» አለ። የዘሀራ ባል ከሞተ ቆይቷል፤ እሱን ማለቱ ነበር።

«ስሟ ማን ነው?»

«ውዳቂ።»

አስተርጓሚው ትርጉሙን ሲነግረው መዝጋቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «ለመሆኑ ለልጅ እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ማን ነው?»

«የሚወዳት ሰው» አልኩት። ጎንደሬው ይህችን አልተረጎማትም።

ከዚያ ለጣት አሻራ ቀለም አቀረበልኝ። ጣት? እኔ? በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት! ብዕሩን ተቀብዬ «አትጠገብ አሊጋዝ» ብዬ እስከነ አያቴ ስም ሞልቼ ጻፍኩለት። እንዴት ኮርቼ እንደነበር አትጠይቁኝ።

እናት አባት የሌላቸው ልጆች ለብቻቸው ቤት ነበራቸው፤ ውዳቂንም እዚያ አስገቧት። ወተት ይሰጧቸዋል፣ ብስኩት ይሰጧቸዋል፣ ሐኪም በየቀኑ ያያቸዋል። እኛ እኮ ደስ አለን! «ዘሀራ፣ ጨውሽ ሠራ» እያልኩ ሳቅሁ። የልጅቷ ጉንጭ ሞላ። ማታ ማታ ልታየን ስትመጣ ብስኩት በቀሚሷ ሸሽጋ «እትዬ፣ እንኪ፣ ማንም አላየኝም» ትለኝ ነበር። እሷ እንዲህ ደህና ስትውል እኔና ይመር ገዳሪፍ አጨዳ ሄድን። ሁለት ሳምንት ቆየን።

ስንመለስ የመዓስከሩ በር ላይ መኪና ቆሟል። ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ቁጥር ተንጠልጥሎላቸው ይጫናሉ። ውዳቂ ከላይ ተቀምጣለች። ነጠላዬ ከላዬ ሲወድቅ አላወቅሁም።

«ልጄ! ልጄ ናት!»

ያው ባለመነጽር ሰውዬ ነበር። «እነዚህ ልጆች የሚላኩበትን የፈረንጅ አገር የሰማ ሁሉ ልጄ ይላል» አለ በጎንደሬው በኩል። «ዛሬ ጠዋት ብቻ ለአንድ ልጅ ሦስት እናቶች መጥተዋል።»

«እኔ ወልጄያታለሁ! ፈርቼ ነው የዋሸሁት!»

«ማንን ፈርተሽ?»

እስቲ ሾተላይን በዐረብኛ አስረዱ! ጎንደሬው ሞከረ፤ ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን አወጣና «ይህ ያንቺ ጽሕፈት ነው?» አለኝ።

«ነው።»

«ያምራል» አለኝ።

ይመር መሬት ላይ ተንበርክኮ የሰውየውን እግር ያዘ። «ልጅቷን ጠይቋት! እሷው ትናገር!» አለ። ጎንደሬው ወደ መኪናው ቀና ብሎ «ማሙሽዬ፣ ይቺ እናትሽ ናት?» አላት፤ ሲደነግጥ ወንድ ሴቱን አሳከረው መሰለኝ። ውዳቂ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ቀጥላ እጄን አየች፣ የምቆነጥጥበትን።

«አይደለችም» አለች። «እትዬ ናት። የኔ እናት ዘሀራ ናት።»

አሳምራ መልሳለችና፣ «ጎሽ» እንድላት ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። መኪናው ሲነሣም እንደዚያው ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ካርቱም ገባን። ይመር ዘበኛ ሆነ፣ እኔ የሰው ልብስ አጥባለሁ። እንጀራ የሚመስል ኪስራ የሚሉት አላቸው፤ ስስ ነው፣ አፍ ውስጥ ይጠፋል እንጂ አይጎረስም። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ቀትሩ ይጨልማል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ሰላምታቸው የወሎን ያስረሳል፣ የጤናሽን፣ የቤትሽን፣ የሁሉን ይጠይቃሉ። እኔን የሚቸግረኝ እዚያ ላይ ነው። ቤት ልንከራይ የሄድን ቀን ባለቤቱ «ስንት ልጅ አላችሁ?» አለን።

«የለንም» አለ ይመር።

«ምንም?»

«ምንም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለና ቁልፉን ሰጠን። «ልጅ ግድግዳ ያበላሻል።»

ግድግዳው ይኸው እስከ ዛሬ ነጭ ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ባለፈው ወር የጠፋ ሰው የሚያፈላልጉ ሰዎች መጡብኝ። ከስዊድን አንዲት ሴት የድሮ ወረቀቷን አስወጥታ፣ ከሥሩ የተጻፈውን ስም ይዛ እየፈለገችኝ ነው አሉ። ያ የኮራሁበት ጽሕፈት! ስልክ ቤት ሄድን፤ ይመር ጆሮውን ከጆሮዬ ጋር አጣብቆ ቆመ። ከወዲያ «እትዬ?» የሚል ድምፅ መጣ። አማርኛዋ አልቆ የቀረቻት ያቺ ቃል ብቻ ናት፤ ሌላውን አብራት ያለች የአዲስ አበባ ሴት ታስተረጉማለች።

«አንቺ ያመጣሻት ጎረቤት ነሽ ወይ? ትላለች።»

አፌን ከፈትኩ። ሃያ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር አለ እኮ።

«እናቷ ዘሀራ በሕይወት እንዳለች ማወቅ ትፈልጋለች» አለች ሴትዮዋ። «አሁን ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ወልዳ ሁለቱም አልቆዩላትም። ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላወቁትም። እናቷ በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ታውቅ እንደሆነ ልትጠይቃት ነው።»

ይመር «ንገሪያት» አለኝ። ትከሻዬን ነቀነቀኝ። «አትጠገብ፣ በማርያም፣ ንገሪያት!»

ከአራት ልጅ ያቺ ብቻ ናት የተረፈችው። የተረፈችውም የኔ አይደለችም ስላልኩ ነው። አሁን ሆዷ ውስጥ ሌላ ነፍስ ሳለ የኔ ናት ልበል?

«አዎ፣ ጎረቤት ነኝ» አልኩ። «ሐኪሞቹ ያሏትን ትስማ፤ በቤተሰብ አለ ትበላቸው። የቀረውን ዘሀራ ትነግራታለች።»

ይመር ከዚያን ቀን ጀምሮ አያናግረኝም። ይፈረድበታል? አልፈርድበትም።

እንግዲህ ዘሀራ፣ ይህን ወረቀት ላንቺም ልኬዋለሁ፤ ለሚያነብልሽ ሰው በርከት ያለ ምርቃት ይድረሰው። አፈላላጊዎቹ በሕይወት አለሽ አሉኝ፣ ዓይንሽ ደክሟል አሉኝ። መካነ ሰላም ስልክ ቤት ያስጠሩሻል። «እማ» ትልሻለች፤ «አቤት ልጄ» በያት፣ እንዳታለቅሺ። ያን የጭኗን ቦታ አሁንም ያማት እንደሆነ ጠይቂልኝ። እኔ እንደጠየቅኩ ግን እንዳትነግሪያት።

ደግሞ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። አንድ እፍኝ ጨው ያዢ። የሚወለደውንም በስልክ ግዢው።